ዝናብ ለኪዋና «ክፍት በር»

ቫትሳላ ፓጋሬ በሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት አገልግሎቷ ከሥራ የቀረችው አራት ቀን ብቻ ነው። አራቱንም ለይታ ታውቃቸዋለች። አንዱ እናቷ ያረፉበት ዕለት፣ አንዱ የአራም ወንዝ ድልድዩን ይዞት የሄደበት፣ ሁለቱ ደግሞ ወባ የጣላት ቀን ነው። በሕንድ አገር የምትገኘው የቦርዋዲ መንደር ሰዎች «የድልድዩንስ አትቁጠሪው፤ ዋኝተሽ ልትሻገሪ ስትይ በግድ ነው የያዝንሽ» እያሉ ያሾፉባታል። እሷም አታስተባብልም።

ሥራዋ ዝናብ መለካት ነበር። በመንደሩ ዳር ባለው የመስኖ መሥሪያ ቤት ግቢ መሃል አንድ የመዳብ ጣሳ ተተክሏል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በጣሳው ውስጥ ያደረውን ውሃ ወደ መለኪያው ብርጭቆ ትገለብጣለች፤ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ከውሃው ጋር ታስተካክላለች፤ ያየችውን በመዝገብ ትጽፋለች። ሲያዩት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ፣ ዝናብ ባለበትም በሌለበትም፣ ሳያጭበረብሩ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ለኪ ቤቱ ተኝቶ ቁጥር እንደሚፈጥር ቫትሳላ ታውቃለች። እሷ አንድም ቁጥር ፈጥራ አታውቅም። ይህንን ስትናገር ድምፅዋ ከፍ ይላል።

ሥራውን የያዘችው በባሏ ቦታ ነው። ባሏ ዳሙ የግድቡን በር ሊዘጋ በወረደበት ጎርፍ ወሰደው። ያን ጊዜ ቫትሳላ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ትምህርቷ ሰባተኛ ክፍል፣ ልጇ ሄማንጊ የአራት ዓመት ሕፃን። መሥሪያ ቤቱ ለሟች ሚስት የሚሰጠውን የሥራ ቦታ ሰጣት። ባለ ወይን ማሳዎቹ ሳቁ። ሴት መሆኗ ብቻ አልነበረም፤ ፓጋሬዎቹ ከመንደሩ በታች፣ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ፣ በዘር ዝቅ ተደርገው የሚታዩ፣ ትላልቆቹ ቤቶች በደጃፋቸው እንጂ በሳሎናቸው የማይቀበሏቸው ሰዎች ነበሩ። የመንደሩ ትልቁ ወይን አብቃይ ዳግዱ ዴኦሬ፣ ሰው ሁሉ «ዳግዱ ካካ»፣ አጎት ዳግዱ፣ የሚላቸው፣ በወተት መሰብሰቢያው ደጃፍ ቆመው «ዝናቡ ሲመጣ እኛም እንበሰብሳለን፤ ፓጋሬ ለካችው አልለካችው ምን ይጨምርልናል?» ብለው ሰውን አስቀውባታል።

ቫትሳላ ከታዘዘችው በላይ መጻፍ ጀመረች። የመንግሥቱ መዝገብ የሚፈልገው የዝናቡን ቁጥር ብቻ ነው፤ እሷ በራሷ ደብተር ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ፣ በሳልሄር ተራራ ላይ ደመናው መቼ እንደተቀመጠ፣ ጤዛ መውረድ አለመውረዱን ጻፈች። በአሥረኛው ዓመት ደብተሮቹን ዘርግታ ስታነጻጽር አንድ ነገር ገባት። ያለ ወቅቱ የሚመጣው፣ የበሰለ ወይን የሚሰነጥቀው ዝናብ በድንገት አይመጣም። ጠዋት ጤዛ ከጠፋ፣ ቀትር ላይ ነፋሱ ፊቱን ካዞረና ከላይኛው ወንዝ ያሉት ለኪዎች ደመና አየን ካሉ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ይደርሳል። በወንዙ ላይና ታች ካሉ አሥራ አንድ ለኪዎች ጋር በስልክ መደዋወል ጀመረች። ያወቀችውንም በወተት መሰብሰቢያው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ትጽፍ ነበር።

መጀመሪያ ወተት ሊያስረክቡ የመጡ እየመሰሉ በጎን ያነቡት ነበር። ቀስ በቀስ ግን ወተት የሌላቸውም መምጣት ጀመሩ። ዳግዱ ካካ ራሳቸው መነጽራቸውን እየጠረጉ «ዛሬ ደግሞ ምን ዋሸች?» ይሉና እስከ መጨረሻው መስመር ያነባሉ። ማሳቸውን ግን ያለ ሰሌዳው መድኃኒት አይረጩም። «ቫትሳላ» መባሉ ቀርቶ «ቫትሳላ ታይ»፣ ታላቅ እህት፣ መባል የመጣው በዚያን ዘመን ነው። ዳግዱ ካካ ብቻ «ቫትሳላ» ማለታቸውን አልተዉም።

ጡረታ ስትወጣ ልጇ ሄማንጊ፣ በፑኔ ከተማ የባንክ ሠራተኛ የሆነችው፣ አንድ ገጽ በኢንተርኔት ላይ ከፈተችላት። ቫትሳላ በግቢዋ የራሷን የዝናብ ጣሳ ተከለች። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በማራቲ ቋንቋ አሥር መስመር ትጽፋለች፤ ስንት ዘነበ፣ ምን ይጠበቃል፣ ዛሬ መድኃኒት መርጨት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም። በሁለተኛው ዓመት ሦስት ሺህ ሰው ያነባት ነበር። ከሰሌዳው ፊት የሚቆም ሲጠፋ ጠመኔውን ተወችው። በኋላ ይህን በማድረጓ ራሷን ትወቅሳለች።

እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ዓመት የሂንዱዎች የጋኔሽ በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ ስዋርሴቱ የሚባለው የስልክ ድርጅት በመንደሩ ትልልቅ ጨርቅ ሰቀለ። «ክፍት በር» የሚባል ጥቅል ነው። ካርድ መሙላት የለም፣ ክፍያ የለም፤ ሲም ካርዱን ያወጣ ሁሉ ኢንተርኔት በነፃ ይከፍታል። ሰው ተሰለፈ። ማን ነፃ ነገር ይጠላል? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ነፃ የሚከፈቱት ገጾች ድርጅቱ የመረጣቸው ሠላሳ ያህል ብቻ መሆናቸውን መጀመሪያ ያስተዋለ አልነበረም። አንድ ዜና፣ አንድ ዘፈን፣ አንድ የትምህርት፣ አንድ የአየር ጠባይና የእርሻ ምክር። የአየር ጠባዩን ገጽ የሚያዘጋጀው የወይን መድኃኒት የሚሸጥ፣ የስዋርሴቱ አጋር የሆነ ኩባንያ ነው። የሚናገረው ስለ ሩቁ ናሺክ ከተማ ሰማይ ነው፤ ምክሩም በሁለት ቀን አንዴ «መድኃኒት ይርጩ» ነው።

የቫትሳላ አንባቢዎች ከሦስት ሺህ ወደ አራት መቶ ወረዱ። ምክንያቱን አላወቀችም። ጥፋቱ የእሷ መስሏት ሰነበተች። የጻፈችውን ደግማ እያነበበች «አርጅቻለሁ መሰለኝ፣ ሰውን አሰለቸሁት» ትላት ነበር ለሄማንጊ በስልክ። ኩሩ ሰው ሲጠላ ለማንም አይናገርም፤ እሷም በመንደሩ ስታልፍ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ለምን አታነቡኝም ብላ ማንንም ሳትጠይቅ ሁለት ወር አለፈ።

በኅዳር አጋማሽ አንድ ጠዋት ጤዛ ጠፋ። ቀትር ላይ ነፋሱ ዞረ። ከላይኛው ወንዝ ሦስት ለኪዎች ደወሉላት። ቫትሳላ ወዲያው ጻፈች፤ «ነገ ከማለዳ በፊት ዝናብ ይደርሳል። የበሰለ ወይን ያላችሁ ዛሬውኑ ልቀሙ። ለነገ አታሳድሩት።»

ጥቂቶቹ ለቀሙ። በስድስት ሰዓት ያነበቡት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ሠራተኛ ለምነው፣ ዘመድ ጠርተው ለቀሙ። ሌሎቹ በ«ክፍት በር» ገጽ የተነገራቸው ሰማዩ ጥርት ያለ መሆኑ ነበር፤ መድኃኒት ረጭተው ገቡ። ዝናቡ ሊነጋጋ ሲል መጣ። ሃያ ሦስት ሚሊ ሜትር። ፀሐይ ስትወጣ የዳግዱ ካካ ወይን በዘለላው ላይ እንዳለ ተሰንጥቆ፣ ጭማቂው መሬት ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ንቡ ከሰው ቀድሞ ደርሷል።

ዳግዱ ካካ ጭቃውን ሳያራግፉ ወንዙን ተሻግረው መጡ። በሰባ ዓመት ዕድሜያቸው ወደ ፓጋሬዎች ሰፈር የመጡባቸው ቀናት በጣት ይቆጠራሉ። ቫትሳላ በግቢዋ ጣሳውን ስትገለብጥ አገኟት።

«አንቺ ሰው አይደለሽም?» አሏት። «ዝናብ መምጣቱን እያወቅሽ ዝም ትያለሽ? ያን ቀን ስለሳቅሁብሽ ነው? ሠላሳ ዓመት ቂም ትይዣለሽ?»

«ጽፌያለሁ ካካ። ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ጽፌያለሁ።»

«የት? ውሃ ላይ? ስልኬ ላይ ከጠፋሽ ሁለት ወር ሆነሽ፤ መጻፍ የተውሽ መስሎኝ ነበር።»

ስልካቸውን ተቀበለቻቸውና የገጿን ስም ጻፈች። የመጣው የእሷ ገጽ አልነበረም። በቀይ ፊደል «ይህ ገጽ በጥቅልዎ ውስጥ አልተካተተም። ለመክፈት ካርድ ይሙሉ» ይላል። ከሥሩ ፈገግ ያለ ገበሬ ሥዕልና «ክፍት በር» የሚል ጽሑፍ አለ። ቫትሳላ ደግማ ሞከረች። ያው ነው። ሁለት ወር ሙሉ የሚያነባት ሰው ያጣችው አርጅታ እንዳልሆነ በዚያች ቅጽበት ገባት። ከተናደደችው ይበልጥ ቀለላት፤ ይህንንም ሳትደብቅ ትናገራለች።

በዚያው ቀን ጠመኔ ገዝታ ሰሌዳውን አጠበች። ሄማንጊም ነገሩን በፑኔ ላለ አንድ ጋዜጠኛ ነገረች፤ በማራቲ ጋዜጣ ሁለተኛ ገጽ ላይ «ዝናብ ለኪዋና የተዘጋው ክፍት በር» የሚል አጭር ጽሑፍ ወጣ። ሳምንት ሳይሞላው የስዋርሴቱ ሰው በነጭ መኪና መጣ። ሳሜር ቺትኒስ ይባላል፤ ወጣት፣ ትሑት፣ የወተት ጣፋጭ በካርቶን የያዘ። ወሬው ፈጥኖ ነበርና ዳግዱ ካካን ጨምሮ አሥራ አምስት ያህል ገበሬዎች በበረንዳዋ ዙሪያ ተሰብስበዋል።

ሰውየው ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወረቀት አወጣ። ድርጅቱ የእሷን ገጽ በ«ክፍት በር» ውስጥ ሊያስገባ ወስኗል። ከነገ ጀምሮ በመላው ክፍለ ሀገር በነፃ ይከፈታል፤ ለእሷም በየወሩ አበል ይቆረጥላታል። ገበሬዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ፈገግ አሉ። አንዱ «ይኸው አለቀ!» አለ። ቫትሳላ ሻይ ቀዳችለት።

«ከእኔ በኋላ የሚመጣውስ?» አለችው።

«የሚመጣው ማን?»

«ሌላ ሰው። የራሱን ገጽ የከፈተ።»

«ማመልከቻ ያስገባል ታይ፤ ኮሚቴው ያየዋል።»

«በማሌጋዎን መንገድ ሻኪላ የምትባል ሴት አለች። ስለ ፍየል በሽታ ትጽፋለች። ፍየሌ ስትታመም እኔም አነባታለሁ። ሁለት ጊዜ አመልክታ መልስ አላገኘችም። ጋዜጣ ላይ ስላልወጣች ይሆን?»

ሰውየው ስለ እሷ እንደማያውቅ፣ እንደሚያጣራ ተናገረ።

«እሺ። እኔ ደግሞ ገብቼ ‹ዛሬ መድኃኒት አትርጩ፣ አያስፈልግም› ብዬ ብጽፍስ?»

የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠ። «እንግዲህ» አለ፣ «አጋሮቻችንን በቀጥታ የሚቃረን ነገር ባይኖር ይመረጣል።»

ቫትሳላ ወረቀቱን አጣጥፋ በጣፋጩ ካርቶን ላይ አኖረችና ወደ እሱ ገፋችው። «ሻይዎን ይጨርሱ» አለችው። «እነዚህን ግን ይዘዋቸው ይመለሱ።»

መኪናው ከሄደ በኋላ በበረንዳው የተነሣው ነገር ለወሬ አይመችም። አንዱ እብሪተኛ አላት፤ አንዱ የመንግሥት ጡረታ ስላላት ነው አለ። ሰዎቹ እያጉረመረሙ ሲበተኑ ዳግዱ ካካ ብቻ ቀሩ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና በትራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቆሙ።

«ንገሪኝ እስቲ» አሉ። «ሰውየው በር ከፈተልሽ። ዘጋሽው። በአንቺ ኩራት የእኛ ወይን ይበስብስ?»

ቫትሳላ ባዶውን የሻይ ብርጭቆ አነሣች። ቀጥላ ያለችውን ከዚያ በፊት ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ ለሄማንጊም ጭምር።

«የእናንተን ጉድጓድ ያስታውሱታል ካካ? ከማንጎው ዛፍ ሥር የነበረውን።»

«እንዴት አላስታውስም።»

«እኛ ገመዱን መንካት አይፈቀድልንም ነበር። እናቴ እንስራዋን ይዛ ራቅ ብላ ትቆማለች፤ እኔ ቀሚሷን ይዤ። የሚቀዱልን እናትዎ ጎዳባይ ነበሩ። ደግ ሴት ነበሩ። ዋጋ ጠይቀውን አያውቁም፤ ከፍ አድርገው ያፈሱልናል፤ አንዳንዴ ለእኔ የሸንኮራ ስኳር ይሰጡኛል። እንግዲህ አንድ በጋ ታመሙ። አራት ቀን። የሚቀዳልን ሌላ ሰው አልነበረም። ጉድጓዱ ሙሉ ነው፤ እኛ የወንዙን አሸዋ በእጃችን እየጫርን የምትወጣውን ውሃ እየጠጣን ሰነበትን። ታናሽ ወንድሜ ሆዱን የታመመው ያን ጊዜ ነው።»

ዳግዱ ካካ በበትራቸው ጫፍ መሬቱን ጫሩ።

«ውሃው ነፃ ነበር ካካ። ገመዱ ግን በእጃችን አልነበረም። ይህ ልጅ መጥቶ ያለኝ ‹ለአንቺ ከፍ አድርጌ እቀዳልሻለሁ› ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም። እናትዎም ክፉ አልነበሩም። እኔ የምፈልገው ግን ገመዱን ነው። ለእኔም፣ ለሻኪላም፣ ነገ ለሚመጣውም።»

ፍየሏ በግቢው ትጮሃለች። ዳግዱ ካካ በትራቸውን ወደ ጎን አስደገፉ።

«ውሃ ስጪኝ» አሉ።

ቫትሳላ ገብታ ከማሰሮው በመዳብ ኩባያ ቀድታ አመጣች። ተቀብለው አንድም ጠብታ ሳያስቀሩ ጠጡት። በዚያ ቤት፣ በዚያ ሰፈርም፣ በሕይወታቸው ውሃ ጠጥተው አያውቁም ነበር። ሁለቱም ያውቁታል። ኩባያውን መልሰው፣ «እሺ ታይ፣ ምን እናድርግ?» አሉ።

የሚደረገውን ሄማንጊ ታውቅ ነበር። በዴልሂ ያለው የስልክና የኢንተርኔት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዚያው ሰሞን አንድ ጥያቄ ለሕዝብ አቅርቧል። የኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅቶች አንዱን ገጽ በነፃ፣ ሌላውን በክፍያ ማድረግ ይፈቀድላቸው ወይስ አይፈቀድላቸው? ማንም ዜጋ እስከተባለው ቀን ድረስ አስተያየቱን መላክ ይችላል። ስዋርሴቱም አልተኛም። ለደንበኞቹ ሁሉ «ነፃ ኢንተርኔትዎ ሊወሰድ ነው፤ ለማዳን ቁጥር አንድን ይጫኑ» የሚል መልእክት ይልካል። ቁጥሩን የተጫነ ሰው ስም ተጽፎ ካለቀ ደብዳቤ ጋር ወደ ዴልሂ ይሄዳል። በቦርዋዲም ብዙ ሰው ተጭኗል፤ መጫን ምን ይከብዳል?

ቫትሳላ «የእኛም ደብዳቤ አንድ ዓይነት ይሁን» ያሏትን አልሰማችም። አንድ ዓይነት ደብዳቤ እንደ አንድ ሰው ነው የሚቆጠረው አለች፤ ሁሉም ያየውን በራሱ ቃል ይጻፈው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በወተት መሰብሰቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። መጻፍ የሚችል ጻፈ፤ የማይችል ተናገረ፣ እሷ ጻፈች፣ አነበበችለት፣ «እንዲህ አላልኩም» ሲላት አስተካከለች። አንዲት ሴት ልጇ የፈተና ውጤቱን የሚያይበት ገጽ በጥቅሉ አለመኖሩን አስጻፈች። አንዱ «ነፃውን እወደዋለሁ፣ አትውሰዱብኝ፤ ግን የቫትሳላ ታይንም ክፈቱልኝ» አለ፤ ቫትሳላ እንዳለው አድርጋ ጻፈችው፤ አንድ ቃል አልቀነሰችም። ዳግዱ ካካ የራሳቸውን በራሳቸው እጅ ጻፉ። አራት መስመር ነበር። «ወይኔ በአንድ ዝናብ አለቀ። ዝናቡ እንደሚመጣ ጎረቤቴ ጽፋ ነበር። ስልኬ እንዳላነብ ከለከለኝ። ስልኩ የእኔ ነው ወይስ የእነሱ?» ይላል። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ደብዳቤ ሄማንጊ ፎቶ እያነሣች በኮምፒውተር ላከች።

በጥር ወር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ክፍት ስብሰባ ጠራ። ቫትሳላ ተናጋሪ ሆና ተመዘገበች። ከማንማድ ጣቢያ በሁለተኛ ማዕረግ ባቡር ከሄማንጊ ጋር ተሳፈሩ፤ ባጅራ ከሚባለው እህል የተጋገረ ቂጣና የኦቾሎኒ ዳጣ ቋጥረው። ዴልሂ ብርድ ነበር፤ የቦርዋዲ ሰው የማያውቀው ዓይነት ብርድ። አዳራሹ ሞልቷል። ጥቁር ኮት የለበሱ የሕግ ሰዎች፣ የድርጅት ኃላፊዎች፣ ኮምፒውተራቸውን ጭናቸው ላይ የዘረጉ ወጣቶች። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጠው። ቫትሳላ አረንጓዴ ሳሪዋን፣ ጡረታ የወጣችበትን ለብሳ፣ ደብተሯን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ተራዋን ጠበቀች። ከእሷ በፊት የተናገረው የአንድ ድርጅት ጠበቃ «ድሃው ሁሉንም ከሚያጣ ጥቂትም ቢያገኝ አይሻለውም?» ብሎ በጭብጨባ ወርዷል።

ስትነሣ ደብተሯን ከጨርቁ ፈታች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች። ሂንዲዋ የማራቲ ቃና አለው፤ አልተጨነቀችበትም። ደብተሯን ገልጣ የኅዳሩን ዝናብ ቀን አነበበች። ስድስት ሰዓት ላይ ምን ጻፈች፣ ማን አነበበ፣ የትኛው ቤት መክፈት አልቻለም። አሥራ አራት ቤት በስም ጠራች። በየቤቱ የተሰነጠቀውን የወይን ረድፍ ጨምራ።

ከዚያ ጠበቃው ወደተቀመጠበት ዞረች። «እኔ ድሃ ነኝ ጌታዬ፤ ስለ እኔ ሲናገሩ ስለሰማሁ ነው የምመልስልዎ» አለች። «ነፃ መስጠት ከፈለጋችሁ ስጡን፤ አንጠላም። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ እፍኝ ስጡት፤ ምኑን እንደሚከፍትበት ግን እሱ ይምረጥ። የእኔን ይክፈት፣ የእናንተን ይክፈት፣ ዘፈን ይስማበት። ጥቂት መሆኑ አያስቀይመንም። የሚያስቀይመን እናንተ መምረጣችሁ ነው።»

ደወሉ ተደወለ። ሦስት ደቂቃዋ አልቋል። ከኋላ የነበሩት ወጣቶች ሲያጨበጭቡ ቫትሳላ ደብተሯን እየጠቀለለች ነበር። ልጇን «መስመር ዘለልኩ?» ብላ ጠየቀቻት። ሄማንጊ ታለቅስ ነበር። የእናቷን ድምፅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከፍ ብሎ የሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው። ዛሬም በባንክ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ የስብሰባው መግቢያ ካርድ ተለጥፎ ይታያል፤ «ቫትሳላ ዳሙ ፓጋሬ፣ ዝናብ ለኪ» ይላል። የመሥሪያ ቤቱ ሰው «ጡረተኛ» ብሎ ሊጽፍ ሲል ያስለወጠችው ራሷ ቫትሳላ ናት።

ውሳኔው በየካቲት መጣ። ማንኛውም የኢንተርኔት አቅራቢ በሚከፈተው ገጽ ዓይነት የተለያየ ዋጋ ማስከፈል አይችልም፤ አንዱን ነፃ፣ ሌላውን በክፍያ ማድረግ ተከለከለ። በመላ አገሪቱ ይህን የጠየቁት እጅግ ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ የቦርዋዲ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ደብዳቤ በዚያ ውስጥ ጠብታ ነው። ቫትሳላም ይህን ታውቃለች። «ጠብታ ስለካ ነው የኖርኩት» ትላለች፣ «ጠብታ አትንቁብኝ።»

ሁሉም ደስ አላለውም። ስዋርሴቱ ጨርቁን አውርዶ፣ «ክፍት በር»ን ዘግቶ ሄደ፤ ነፃው ቀረ። በወተት መሰብሰቢያው ፊት ለፊት «ያስዘጋሽብን አንቺ ነሽ» ያሏት ነበሩ። ከነዚህ ጋር አልተከራከረችም። ካርድ መሙላት ያልቻለ ሰሌዳውን ያነባል ብላ፣ ጠመኔውን ዳግመኛ ላትጥለው ቆርጣ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ሌሎች ድርጅቶች ርካሽ ጥቅል ማውጣት ጀመሩ፤ ሁሉንም የሚከፍት። የአንባቢዎቿ ቁጥር ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ከዚያም አለፈ። ሻኪላም ከማሌጋዎን መንገድ መጥታ አንድ ቀን በረንዳዋ ላይ ዋለች። ሁለቱ ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ ስለ ፍየልና ስለ ደመና አወሩ። ስትሄድ ቫትሳላ ተጨማሪ የዝናብ ጣሳ ሰጠቻትና ከምትደዋወላቸው ለኪዎች አሥራ ሁለተኛዋ አደረገቻት።

በሐምሌ ቫትሳላ ተሳሳተች። «ሐሙስ ከባድ ዝናብ ይመጣል» ብላ ጻፈች። ሐሙስ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሎ ዋለ። በማግስቱ በስድስት ሰዓት «ትናንት ተሳስቻለሁ። የደቡቡን ነፋስ ንቄ ነው። ሥራ ያስፈታኋችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብላ ጻፈች። ያን ቀን ገጿን ያነበበው ሰው ከምንጊዜውም በልጧል።

ዳግዱ ካካ ደወሉላት። በዚያ ሁሉ ፀሐይ ጃንጥላ ተሸክመው ገበያ ውለው፣ አገር ሁሉ እንደሳቀባቸው ነገሯት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለነገሩ ታይ፣ ነገስ ይዘንባል?» አሏት።

«ነገ ስድስት ሰዓት ላይ እንደ ሰዉ ሁሉ ያንብቡት» አለቻቸውና ስልኩን ዘጋች።